«ሙቪ ስታር» ማን ነው? አክተሩስ?

ፊልም አይተን በወጣን ቁጥር «አክተሩ መቼም አይሞትም» እንባባላለን። በእኛ አነጋገር አክተር ማለት ያው ጀግናው፣ እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው ሰውዬ ነው፤ የቀሩት ወይ ሌቦች ናቸው ወይ አጃቢዎች። ለጨዋታ አይከፋም። ነገር ግን እኛ ዕጩ መምህራን ነገ እንግሊዝኛ ይዘን ክፍል መግባታችን ነውና፣ አፋችን የለመደውን እንዳለ ለልጆቹ ብናወርሳቸው ሦስት ቃላት ይደበላለቁባቸዋል፤ አክተር፣ ሂሮ እና ስታር። በተለይ «ሙቪ ስታር» የሚለውን ብዙዎቻችን «ታዋቂ ተዋናይ» ብለን እናልፈዋለን። ትርጉሙ ስሕተት ነው ባይባልም የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሲድኒ ፖይቲየር በ1967 «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ» በተባለ ፊልም ተጫውቷል። ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ጥቁር መሐንዲስ በሙያው ሥራ ቢያጣ በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈር ማስተማር ይጀምራል፤ ተማሪዎቹ ያስቸግሩታል፤ በመጨረሻ መጽሐፉን ጥሎ ስለ ኑሯቸው ያነጋግራቸዋል። ታዲያ እዚህ ላይ አክተሩ ማን ነው? ፖይቲየር ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ ረባሽ ተማሪ ሆነው የተጫወቱት፣ አንድ ቃል ተናግረው የወጡትም ጭምር አክተሮች ናቸው፤ የሙያ ስም ነዋ! ሂሮው ደግሞ ፖይቲየር ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ያለው መምህር ማርክ ታከሪ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ታከሪ አብሮ ያልቃል፤ ፖይቲየር ግን ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ስታርስ? ሰው ታሪኩን ገና ሳያውቅ «የፖይቲየር ፊልም መጣ» ብሎ ትኬት የሚቆርጥ ከሆነ ያን ጊዜ ፖይቲየር ስታር ሆኗል ማለት ነው። በ1968 የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ባለቤቶች ባደረጉት ምርጫ ተመልካች በመሳብ አንደኛ የወጣው እሱ ነበር።

ቃሉ ፊልም ከመፈጠሩ በፊት በቴአትር ቤት ይሠራበት ነበር። በፊልም መጀመሪያ ዓመታት ግን የተዋንያኑ ስም እንኳ አይጻፍም ነበር። ስም ካወጣንላቸው ደመወዝ ጨምሩ ይሉናል የሚል ፍርሃት ነበራ። ተመልካች ግን ፊት አይረሳም። ባዮግራፍ በተባለው ኩባንያ ፊልሞች የምትታየዋን ወጣት ስሟን ስላላወቀ «የባዮግራፍ ልጅ» ይላት ጀመር። ይህች ልጅ ፍሎረንስ ሎረንስ ነበረች። ካርል ላምሊ የተባለ ነጋዴ ወደ ራሱ ኩባንያ ከወሰዳት በኋላ፣ በ1910 በአደጋ ሞተች የሚል ወሬ ተነዛ። ላምሊ ወዲያው ውሸት ነው፣ በሕይወት አለች ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ ቀጥሎም ሴይንት ሉዊስ ወደተባለው ከተማ እንድትሄድ አደረገ፤ ሕዝቡም ሊያያት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወሬውን ያስነዛው ራሱ ላምሊ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ኮከብነት ከትወና ችሎታ ሌላ ማስታወቂያም እንዳለበት ከዚህ ይታያል። ኩባንያዎቹ የፈሩትም አልቀረም፤ በ1916 ቻርሊ ቻፕሊን ገና በ26 ዓመቱ በ670,000 ዶላር የአንድ ዓመት ውል ፈረመ።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የፊልም ኮከብ» እንላለን። ጥሩ ነው፤ ብቻ አንድ ነገር እናስተውል። በእኛ እግር ኳስ ኮከብ ተጫዋች ተመርጦ ዋንጫ ይሰጠዋል፤ ኮከብ ግብ አግቢም በቁጥር ይታወቃል። ሙቪ ስታርን ግን የሚሾም ኮሚቴ የለም። ኦስካር እንኳ የሚሸልመው ምርጥ አክተርን እንጂ ምርጥ ስታርን አይደለም። ያ ሁሉ ስም የነበረው ቻፕሊን በትወና ተወዳድሮ ኦስካር አልወሰደም። ይባስ ብሎ በ1920ዎቹ ሪን ቲን ቲን የተባለ ውሻ ሙቪ ስታር ነበር! ስለ ትወና ችሎታው መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ሰው ግን እሱን ብሎ ይመጣ ነበር።

አጠቃቀሙ ላይ ልጆቹን የሚያደናግረው «ስታር» ግሥም መሆኑ ነው። «ዘ ፊልም ስታርስ ሲድኒ ፖይቲየር አዝ ኤ ቲቸር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገጥማቸዋል። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ሲያይ «የፊልም ኮከቦቹ» ብሎ ይተረጉምና ቀሪው አልገጥም ይለዋል። እዚህ ላይ «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት ሳትሆን የግሡ ናት፤ ባለቤቱም ፊልሙ ነው። ፊልሙ ፖይቲየርን መምህር አድርጎ በዋና ተዋናይነት ያቀርባል ማለት ነው። አማርኛ ግዑዙን ነገር እንዲህ ባለቤት ማድረግ ብዙም ስለማይወድ፣ አዙረን «በፊልሙ ላይ ዋናው ተዋናይ ፖይቲየር ነው» ብንል ይቀናል። አዟዙሮ ማሳየት ይጠቅማል፤ «ሲድኒ ፖይቲየር ስታርስ ኢን ዘ ፊልም» ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሥሩ ብንጽፈው ልጆቹ ግሡን ራሳቸው ያገኙታል። ፖስተር ላይ ከስሞች በፊት የሚጻፈው «ስታሪንግ»ም ከዚሁ ግሥ የመጣ ነው።

አሜሪካኖች «ሙቪ ስታር»፣ እንግሊዞች «ፊልም ስታር» ማለት ይቀናቸዋል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። «ስታርሌት» ግን ኮከብ ትሆናለች ተብላ ለምትጠበቅ ጀማሪ የሚባል፣ ትንሽ የማቃለል ቃና ያለው ቃል ስለሆነ ለአንጋፋ ተዋናይት አይባልም።

እስቲ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፦ «አክተሩ በመጨረሻ ሞተ።» «ፊልሙ ኮከብ የለውም፤ ተዋንያኑ ግን ግሩም ናቸው።» የመጀመሪያው ላይ «አክተር» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሞተ ያላችሁት ታከሪን ነው ወይስ ፖይቲየርን?