የዝናብንና የአበባን ቀን ጽፎ ስለ መያዝ

እርሻ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሰው ድካም፣ ሁለተኛው የሰማይ ጠባይ ነው። የሰው ድካም በምክርና በትእዛዝ ይጨምራል፤ የሰማይ ጠባይ ግን ይታወቃል እንጂ አይታዘዝም። ስለዚህ አገርን የሚገዛ፣ ወረዳን የሚያስተዳድር ወይም መሬትን የሚያሳርስ ሰው ሁሉ በግዛቱ ውስጥ ዝናብ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም፣ አበባ መቼ እንደሚፈነዳ፣ ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ዕለት ዕለት የሚያዩት ግን ገበሬው፣ እረኛውና ውሃ የምትቀዳው ሴት ናቸው። እነርሱ ያዩት ነገር ሳይጻፍ አብሯቸው እንዳይቀበር መጠበቅ የሹም ሥራ ነው።

ዝናብ በሚዘገይበት ዓመት በየመንደሩ የሚሰማው ቃል «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለሥራ አይበቃም። በስንት ቀን ዘገየ? ከስንት ዓመት ወዲህ? በደጋው ነው ወይስ በቆላው? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይሰጥም። የሰው ልብ እጅግ ክፉውን ዓመትና እጅግ መልካሙን ዓመት ያስባል፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት ግን አደባልቆ ይረሳቸዋል። ከዚህም የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። ገበሬው የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ ይዘራል፤ ዝናቡ ሁለት ሳምንት የተቋረጠ እንደ ሆነ ቡቃያው ይጠወልጋል፤ ለሁለተኛው ዘር እህል በወለድ ይበደራል፤ ዕዳውም ለሚመጣው ዓመት ይተርፋል። እንዲህ ያለው አታላይ ዝናብ በአንድ ወረዳ በ30 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ መጣ የሚያስረዳ መዝገብ ቢኖር፣ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆን ነበር።

ተራ ሰው ያየውን እየጻፈ ለሊቃውንት የጠቀመበት ምሳሌ በብዙ አገር ይገኛል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን አገር ኪዮቶ በምትባለው ከተማ የቼሪ ዛፍ የሚያብብበት ጊዜ ከ812 ዓ. ም. ጀምሮ በልዩ ልዩ ጽሑፍ ይገኛል። የጻፉት ነገሥታት፣ መኳንንትና መነኮሳት ሲሆኑ፣ አሳባቸው ስለ አበባው በዓል እንጂ ስለ አየር ጥናት አልነበረም። ያሱዩኪ አኦኖ የሚባሉ ሊቅ እነዚህን የዕለት ማስታወሻዎች አሰባስበው ቀኖቹን በአንድ መዝገብ አስተካከሏቸው። በ2021 ዓ. ም. አበባው ሞልቶ የታየው በማርች 26 ቀን፣ ይኸውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 17 ቀን 2013 ዓ. ም. ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ በመዝገቡ ከተገኙት ቀኖች ሁሉ ይህ የቀደመው ሆነ፤ ከእርሱ በፊት ቀዳሚ የነበረው የ1409 ዓ. ም. ማርች 27 ቀን ነው። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ አንዱ የዓለም መሞቅ፣ ሌላው የከተማዋ ማደግ የሚጨምረው ሙቀት መሆኑን ለይተው አሳይተዋል።

በዚያው አገር ሱዋ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ያለው የቤተ መቅደስ ካህናት፣ ሐይቁ በብርድ ጊዜ በረዶ የሚጋገርበትን ቀን ከ1443 ዓ. ም. ጀምሮ እየተቀባበሉ ጽፈዋል። በመጀመሪያዎቹ 250 ዓመታት ሐይቁ ሳይጋገር የቀረው 3 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከ1955 እስከ 2004 ዓ. ም. ባሉት 50 ዓመታት ግን 12 ጊዜ ሳይጋገር ቀርቷል። ይህን ለማወቅ ከዐይን፣ ከብርዕና ከታማኝነት በቀር ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ አውራጃ ሮበርት ማርሻም የሚባሉ ባለ መሬት ከ1736 ዓ. ም. ጀምሮ በርስታቸው ላይ ዛፎች ቅጠል የሚያወጡበትን፣ አበባ የሚፈነዳበትን፣ ተጓዥ ወፎች የሚደርሱበትን፣ እንቁራሪት የሚጮኽበትን ቀን ይጽፉ ነበር። በ1797 ዓ. ም. ሲሞቱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሥራውን ተቀብለው እስከ 1958 ዓ. ም. አቈዩት። ይህ ሰው ማንም ሳያዛቸው የጀመሩት ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለዛሬ ሊቃውንት መመርመሪያ ሆኗል።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ በምትባል ከተማ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባሉት ደራሲ ከ1850 ዓ. ም. ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሜዳና የዱር አበቦችን የመጀመሪያ ቀን ጽፈው ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ፣ ከ2004 እስከ 2006 ዓ. ም. ሌሎች ሊቃውንት በዚያው ስፍራ እየዞሩ እንደ እርሳቸው ጻፉ። ሁለቱን መዝገብ ባስተያዩ ጊዜ 43 ዓይነት ተክሎች በአማካይ በ7 ቀን ቀድመው የሚያብቡ ሆነው ተገኙ።

አንድ ሰው ብቻውን ይህን ያህል ከሠራ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ የሚሠራው ከዚህ ይበልጣል። በ1849 ዓ. ም. በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም መሪ የነበሩት ጆሴፍ ሄንሪ 150 ያህል ፈቃደኞችን በየአገሩ አቁመው ስለ አየሩ ጠባይ ያስጽፉ ጀመር። በ1900 ዓ. ም. ደግሞ በሰሜን አሜሪካ 27 ሰዎች በልደት በዓል ቀን ወፎችን ቈጠሩ፤ ቈጠራውም በየዓመቱ እየሰፋ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ይህ ሥራ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በግብፅ በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት በ861 ዓ. ም. የተሠራው የዓባይ መለኪያ ዓምድ፣ ለብዙ ዘመን ሲለካ የኖረው ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደውን የክረምት ዝናብ ነው፤ ከዓባይ ውሃ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ የሚበልጠው ከዚህ የሚሄድ ነውና። በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በጀመረበት በ1888 ዓ. ም. የዓባይ ሙላት በግብፅ ዝቅ ብሎ ተለክቷል። በኢትዮጵያ የዚያ ዘመን መከራ በስሙ ይታወሳል፤ ነገር ግን ስም፣ ዝናቡ በየወረዳው በስንተኛው ቀን እንደ ቆመ አይናገርም። የራስን አገር ዝናብ በሌላው አገር መለኪያ ብቻ ማወቅ ደግሞ የሚያስመካ ነገር አይደለም።

አበባና ወፍ እንዴት የአየር መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉ ለሚል ሰው መልሱ እንዲህ ነው። ተክል ሁሉ ቅጠል ለማውጣትና ለማበብ የተወሰነ ሙቀትና እርጥበት ያሻዋል፤ ያም ሲሞላለት ያብባል፤ ሳይሞላለት ይቆያል። ብርድ በሚበረታበት አገር አበባን የሚያስጀምረው በይበልጥ ሙቀት ነው፤ በኢትዮጵያና ይህን በመሰለ አገር ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። የቡና ተክል ለዚህ መልካም ምስክር ነው፤ እንቡጡ በበጋው ድርቅ ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ከነካው በኋላ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ ነጭ አበባውን ይፈነዳል። ስለዚህ የቡናውን አበባ ቀን የጻፈ ሰው የዝናቡንም ቀን ጻፈ ማለት ነው።

የአንድ ዓመት ዝናብ መዘግየት ወይም መብዛት የዚያ ዓመት ጠባይ ነው፤ የአገር የአየር ጠባይ ተለወጠ ለማለት ሊቃውንት ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ይመረምራሉ። እንዲህ ተመርምሮ የታወቀው ነገር፣ ከ1850 ዓ. ም. ወዲህ የዓለም ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ መጨመሩ ነው። ዋና ምክንያቱም የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ጢስ ነው፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 280 እጅ ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 እጅ በላይ ሆኗል። ይህ የዓለሙ ድምር ነው፤ በአንድ ቀበሌ ምን እንዳመጣ ግን የሚታወቀው በዚያው ቀበሌ በተጻፈ መዝገብ ነው። ከሰማይ በላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች እንኳ የዝናብ ግምታቸው የሚታረመው በምድር ላይ ከተለካው ጋር እየተስተያየ ነው።

እንግዲህ በየወረዳው ሊጻፍ የሚገባው ነገር ብዙ መሆን አያሻውም፤ ጥቂትና የማይቋረጥ ይሁን። የበልግና የክረምት የመጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያም በኋላ የተቋረጠበት ቀንና የተመለሰበት ቀን፤ የአደይ አበባ መጀመሪያ የታየበት ቀን፤ ቡና ባለበት አገር የቡናው አበባ፤ በደጋ ውርጭ የወደቀበት ሌሊት፤ የምንጩ መድረቅና የወንዙ መሙላት፤ የመስቀል ወፍ ላባዋን ለውጣ የታየችበት ቀን፤ እነዚህን የመሰሉ ምልክቶች ይበቃሉ። ለመጻፍም መምህራን፣ ካህናትና ተማሪዎች ይችላሉ፤ መጻፍ የማይችለው እረኛ ያየውን ለሚጽፈው ይንገር፤ የነጋሪውም ድርሻ ይታወቅለት።

በአጻጻፍም የሚጠበቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ በየዓመቱ ያው ዛፍ፣ ያው ማሳ፣ ያው ምንጭ ይታይ። ዛፉ ቢቈረጥ ወይም በአጠገቡ ቤት ቢሠራ ይህም ይጻፍ፤ የኪዮቶ ከተማ ነገር እንዳሳየው፣ የስፍራው መለወጥ የአየሩ መለወጥ መስሎ እንዳያሳስት።

ሁለተኛ፤ ቀኑ በወርና በቀን ይጻፍ። «በነነዌ ጾም»፣ «በፋሲካ ማግስት» የሚለው ለጊዜው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ከዓመት ዓመት ቀናቸው የሚዘዋወር በመሆኑ ቆይቶ ለሚያነበው ሰው ያሳስታሉ። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ይህም ይታወስ።

ሦስተኛ፤ ያልታየ ነገርም ይጻፍ። «እስከ ሰኔ 20 ቀን ዝናብ አልመጣም» የሚል ቃል እንደ ዝናቡ ቀን ያህል ዋጋ አለው። ተመልካቹ ታሞ ወይም መንገድ ሄዶ ያላየ እንደ ሆነ «አልታየም» ብሎ ይተወው እንጂ በግምት አይሙላው።

አራተኛ፤ የዝናቡ መጠን ይገለጥ። የዝናብ መለኪያ ያለው በመለኪያው፣ የሌለው አፈሩ ምን ያህል እንደ ራሰ በስንዝር ለክቶ ይጻፍ። ለምሳሌ «ሰኔ 9 ቀን፤ ከመንገዱ በላይ ባለው ማሳ ሌሊቱን ዘንቦ አፈሩ አንድ ስንዝር ርሷል» ቢባል ይበቃል።

አምስተኛ፤ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ በስፍራው፣ ሁለተኛው በወረዳው ይቀመጥ። ሹም ሲለወጥ ማኅተሙን እንደሚያስረክብ መዝገቡንም ይቈጠርበትና ያስረክብ፤ 30 ዓመት የሚቆይ ሥራ በአንድ ሰው ሹመት ዘመን አያልቅምና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር መጠበቅ አለበት። በጥንት ግብፅ የመሬት ግብር የሚጠየቀው የዓባይ ሙላት 16 ክንድ በሞላ ጊዜ ነበር። መለኪያና ግብር በአንድ ገመድ በታሰሩበት ስፍራ ሁሉ ቍጥሩን ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ ፈተና ይመጣል። ገበሬው «ዝናቡ መልካም ነበር» ብሎ ያስጻፈው ቃል በመከር ጊዜ ግብር ወይም የእርሻ ድርሻ የሚጨመርበት ከሆነ በሚመጣው ዓመት እውነቱን አይናገርም፤ «ዝናቡ ጠፋ» ያለው ደግሞ እንደ ሰነፍ የሚወቀስ ከሆነ ይደብቀዋል። እንደዚሁም የበታች ሹም የበላዩን ደስ ለማሰኘት ድርቁን አሳንሶ የጻፈ እንደ ሆነ፣ እርዳታ በሚያሻበት ወር ወረዳው እንደ ጠገበ ሆኖ ይቈጠራል፤ በዚህም የሚሞተው ከብትና የሚራበው ልጅ ነው። መዝገብ የሌለበት ወረዳ አለማወቁን ያውቃል፤ ሐሰተኛ መዝገብ ያለበት ግን ያወቀ እየመሰለው ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መዝገብ ለግብርና ለቅጣት እንዳይጠቀስ ገዥው በአደባባይ ቃሉን ይስጥ፤ በሥራም ያሳይ።

መዝገቡ ለሰጡትም ሰዎች ይመለስላቸው። መከር ከገባ በኋላ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን የዓመቱ መዝገብ ይነበብ፤ ሽማግሌዎችም የተሳሳተውን ያርሙ፤ ካለፉት ዓመታት ጋር ይስተያይ። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ፈጥኖ የሚደርሰውን ዘር ወይስ ቆይቶ የሚደርሰውን ለመምረጥ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ሁሉንም ዘር ከማውጣት ከፊሉን ለማቆየት ምክር ያገኛል። መዝገቡ ብቻውን የሚመጣውን ዓመት አይተነብይም፤ ነገር ግን ያለፈው ሲታወቅ አደጋው ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ይገመታል፤ ለዚያም ዘርና መኖ አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ደብተርና የአንድ እርሳስ ዋጋ ነው። የማይገዛው ግን ያለፈ ቀን ነው፤ ዘንድሮ ሳይጻፍ የቀረውን የዝናብ ቀን ከርሞ የሚመጣ ሊቅ ሁሉ ተሰብስቦ ሊመልሰው አይችልም።