የዱሮ ቀሚስ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ቀሚስ አይጠፋም። ዕድሜው ሲጠየቅ ግን አንዱ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ሲል፥ ሌላው «የለም፥ ከዚያ ወዲህ ነው» ይላል። በእጅ የተሠራ ልብስ የፋብሪካ ምልክት ስለሌለው ምስክሩ ራሱ ልብሱ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት የአያቴን እናት የሐበሻ ቀሚስ ስመረምር ነውና ለጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ።

አያቴ እንደሚሉት ቀሚሱ እናታቸው ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በፊት የተዳሩበት ነው። አንድ ነጋዴ ግን በጥቂት ገንዘብ ሊገዛው ፈልጎ «ከአርባ ዓመት አይበልጥም» አለ። እናቴም ከመወሰኗ በፊት እውነቱን ለማወቅ ፈለገች።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ልብሱ በመጀመሪያ ሲሠራ ከገቡበት ነገሮች ሁሉ ዘግይቶ የተፈለሰፈውን መፈለግ ነው። ልብሱ ከዚያ ነገር በፊት ሊሠራ አይችልም።

ሀ) ጨርቁ። በእንዝርት የተፈተለ ክር ወደ ብርሃን ሲያነሡት አንዱ ቦታ ወፍራም፥ ሌላው ቀጭን ነው፤ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የዚህ ቀሚስ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም የሚፈትሉ እናቶች ስላሉ ይህ ብቻውን እርጅናን አያስረዳም።

ለ) መልኩ። ብዙ ሰው ጨርቁ ስለ ወየበ ብቻ አሮጌ ነው ይላል። ነገር ግን ጢስና እርጥበት አዲሱንም ልብስ ያወይቡታል። ደማቅ ጥበብም አዲስነትን አያስረዳም፤ በፋብሪካ የሚሠራ ቀለም ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለና።

ሐ) መዝጊያው። ዛሬ የምናውቀውን ዚፕ ጌዲዮን ሰንድባክ የሠራው በ1913 እ.ኤ.አ. ሲሆን በልብስ ላይ የተለመደው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህ ቀሚስ ዚፕ የለውም።

መ) ስፌቱና ክሩ። የመኪና ስፌት ከላይና ከታች በሚቆላለፉ ሁለት ክሮች የሚሠራና እርምጃው እኩል ነው፤ የእጅ ስፌት በአንድ ክር የሚሄድና እርምጃው የሚለያይ ነው። ክሩ ጥጥ ከሆነ ሲነድ እንደ ወረቀት ይሸታል፥ አመዱም ልም ነው። ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጥና በጥፍር የማይደቅ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ናይለን የተገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ ፖሊስተር ደግሞ በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ነው። ፈተናው የሚደረገው ከውስጥ በኩል በተነጨ ጥቂት ክር፥ ያውም ትልቅ ሰው ባለበት ነው።

የነጋዴው ማስረጃ የታች ጠርዙ ነበር። በመኪና የተሰፋ ነው፤ ክሩንም ስንፈትነው ቀለጠ። ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር። ነገር ግን እናቴን አስፈቅጄ እጥፋቱን በጥቂቱ ብፈታው፥ በሌላ መስመር ላይ የቆዩ የመርፌ ቀዳዳዎች አገኘሁ፤ በሁለቱ ውስጥ የጥጥ ክር ቁራጭ ቀርቷል። የጎኑና የእጅጌው ስፌት ሁሉ በእጅና በጥጥ ክር ነው። እንግዲህ ጠርዙ ኋላ የታደሰ እንጂ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። ጥገናው የራሱን ዕድሜ እንጂ የቀሚሱን አይናገርም።

ይህ ሁሉ ቀሚሱ አሮጌ ሊሆን እንደሚችል እንጂ አሮጌ መሆኑን አላረጋገጠም። ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለግን። አያቴ ሕፃን ሳሉ ከእናታቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ተገኘ፤ በጀርባው 1939 ዓ.ም. ተጽፎበታል። በቀሚሱ ላይ ያለው ጥበብ፥ በግራ እጅጌው ላይ ያለው መጣፊያ ሳይቀር፥ ያው ነው። ቀሚሱ በዚያ ዓመት ተጥፎ ከተገኘ ከዚያ ቀደም ብሎ መሠራቱ ግልጥ ነው፤ የነጋዴውም ቃል ወደቀ። የሰርጉን ዓመት ጨርቁ አይነግረንም፤ ነገር ግን ከአያቴ ቃል ጋር የሚጣላ አንድም ነገር አልተገኘበትም። እናቴም ቀሚሱን አልሸጠችም።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልብስ ካለ አሮጌውን ክር አትጣሉ፥ ጥገናውንም አታፍርሱ። ማን እንደ ፈተለው፥ ማን እንደ ለበሰውና መቼ እንደ ሆነ አረጋውያንን ጠይቃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከልብሱ ጋር አኑሩት። ክርና መርፌ የማይነግሩንን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።