መጽሐፉ ሳይገለጥ በፊት

የአብነት ትምህርት ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ ወዲያ ደግሞ ዜማ ይጠናል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። ልጁ ግን ከራሱ ንባብ ፍንክች አይልም።

የንግሥት እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም በሚታይባት መርጡለ ማርያም፣ በጠቅላላውም በጎጃም፣ ልብ መሰብሰብን የሚያስተምረን የቅኔ ተማሪው ነው። ቅኔ ሊቆጥር ሲወጣ ደበሎውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ባዶውን ግን አይወጣም። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይሁን ስምንት ቤት መወድስ፣ ምስጢሩ ስለ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ግስ እንደሚስማማው እያሰበ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወፉም ይንጫጫ፣ መንገደኛውም ይለፍ!

ሳይንሱም ይህንኑ ይመሰክራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል ፖስነር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራ፣ ብርሃን በየት በኩል እንደሚበራ አስቀድሞ የተጠቆመ ሰው ዓይኑን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ፈጥኖ መልስ እንደሚሰጥ አሳይቷል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለኩ። ሰውየው «ወደ ግራ ልብ በል» ሲባል፣ ገና ምንም ሳይታይ፣ የቀኙን እይታ በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ላይ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰው የአልፋ ሞገድ ያይላል፤ ያ ክፍል ለጊዜው ዝም ይላል። የግራውን የሚቀበለው ይነቃል። ይህ ሁሉ ዝግጅት አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

እንግዲህ ይህ አቅም በእያንዳንዳችን ጭንቅላት ውስጥ አለ! የሚጎድለን ጥቆማው ነው። «ዛሬ አጠናለሁ» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ለአንጎሉ ምንም አልነገረውም፤ ምኑን አስገብቶ ምኑን ይከልክል? «ከምዕራፍ 3 አምስት የሂሳብ ጥያቄ እሠራለሁ» ያለው ግን ሥራውን ከወዲሁ ጀምሯል። በገበያ ቀን ጫጫታው እስኪበርድ የሚጠብቅ ቀኑ ይመሽበታል፤ የሚፈልገውን ለይቶ የተቀመጠ እዚያው ጫጫታው መሐል ይሠራል። ስልኩ ብቻ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ በስማችን እየጠራን ነውና ከገበያው ይብሳል።

ለፈተና የምትዘጋጁ ልጆች፣ ከሥራ መልስ ማታ የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት የምትፈልጉትን አንድ ነገር በአንድ መስመር ጻፉ፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ጀምሩ።