ከጓዳ እስከ ባሕር ማዶ፤ ስለ ምግብ ሙያ

ምግብ ማብሰል ትምህርት ነው ወይስ ልማድ? ይህ ጥያቄ በክፍላችን ተነሥቶ ብዙ አከራከረን። ግማሾቹ «ወጥ መሥራት ሳይማሩት የሚመጣ ነገር ነው» አሉ፤ የቀሩትም ሳቁ፤ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ወንዱ ልጅ ነበርሁና። ስለዚህ ጉዳይ ተከታትዬ ያገኘሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ ገጽ አቀርባለሁ። እኔ እንደማምነው ሙያው የሚወለደው ከቤተ ሰብ እጅ ነው፤ ዓይን የሚከፍተው ግን መንገድ ነው።

ለዚህ ምስክሬ በዓለም የታወቀው የወጥ ቤት አለቃ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) የተወለደው በአገራችን ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ካሣሁን ይባል ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ሳለች፥ የታመሙትን ሁለት ልጆቿን ይዛ ከገጠር በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። ልጆቹ ዳኑ፤ እርሷ ግን ሞተች። ካሣሁንንና እኅቱን በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዷቸው።

እዚያ ሄልጋ የምትባል አሳዳጊ አያት ገጠመችው። ሄልጋ በወጣትነቷ በባለጸጎች ቤት ያገለገለች ባለሙያ ነበረች። ልጁ ወደ ጓዳዋ ሲገባ ቁጭ አድርጋ ከማብላት ፈንታ ሥራ ታስይዘው ነበር፤ የዶሮ አሮስቶ፥ የፍሬ ማርማላታ፥ የዝንጅብል ብስኩት አሠራር ከእርሷ ተማረ። አሳዳጊ አባቱ ደግሞ የዓሣ አስጋሪዎች ልጅ ስለ ነበረ፥ በበጋ ስሞገን ወደምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር እየወሰደ ከዓሣ ጋር አስተዋወቀው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። በስዊድን ክረምቱ ረጅምና ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ የጥንት ሰዎች ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ በጨው ያስቀምጡ፥ ቀጥሎም በአቼቶና በስኳር ይዘፈዝፉት ነበር። ጨው ከሥጋው ውስጥ ውኃውን ይስባል፤ ውኃው ሲጎድል የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕዋሳት እንደ ልባቸው ሊራቡ አይችሉም፤ አቼቶውም በኮምጣጣነቱ ያግዛል። እንግዲህ የኛ እናቶች ሥጋውን በቀጭኑ ዘልዝለው፥ በጨውና በበርበሬ አሽተው በገመድ ላይ ሲሰቅሉት የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለምን? ይህን ለአያቴ ባወራላቸው ጊዜ «ታዲያ ያ ቋንጣ ነዋ! ረጥቦ ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

የማርከስ የመጀመሪያ ምኞት እግር ኳስ ነበር። በ16 ዓመቱ ሰውነትህ ትንሽ ነው ተብሎ ከክለቡ ስለ ተሰናበተ ፊቱን ወደ ምግብ ትምህርት ቤት መለሰ። ከዚያም በስዊስ፥ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወጥ ቤቶች በረዳትነት ደከመ። በመንገደኞች መርከብም አብሳይ ሆኖ በየወደቡ እየወረደ የአገሬውን ምግብ ይቀምስ፥ የቀመሰውንም በደብተር ይጽፍ ነበር። (ደብተር ይዞ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁን?) በ1991 ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ አክቫቪት በተባለው የስዊድን ምግብ ቤት ገባ። በ1995 የወጥ ቤቱ አለቃ ሳለ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ለምግቡ ሦስት ኮከብ ሰጠ፤ እርሱ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበር።

ይሁን እንጂ በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፥ እናቱን የሚያይባት አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ የለችውም፤ የሚያስባት በበርበሬ ነው። ካደገ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፥ ሞቷል ብሎ ያስበው የነበረውን ወላጅ አባቱን በሕይወት አገኘ። በርበሬም በድስቱ ውስጥ ቦታ አገኘ። በ2006 ስለ አፍሪካ ምግቦች መጽሐፍ አወጣ። በኖቬምበር 24 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ባደረጉት ታላቅ ግብዣ ላይ በእንግድነት ተጠርቶ ሲያበስል፥ ካቀረባቸው ምግቦች አንዱ የቀይ ምስር ሾርባ ከለጋ አይብ ጋር ነበር። ምስርና አይብ በየትኛው ቤታችን ይታጣል?

ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ልመለስ። የኛ ቤት ጀሞ ነው። አባቴ በጅማ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ስለ ሆኑ፥ ባለፈው ክረምት ይዘውኝ ሄዱ። ወልቂጤ ላይ ቆጮ በላን። ባለቤቲቱም እንሰቱ ተፍቆ፥ በቅጠል ተጠቅልሎ፥ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት እንደሚብላላ አስረዱኝ። ወዲያው የአያቴ እርሾ ትዝ አለኝ፤ የጤፉም ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ የሚብላላው በዚያው ዓይነት ሥራ ነው፤ እርሱ በቀናት፥ ያኛው በወራት። ይህን ሳልጓዝ አላስተውለውም ነበር፤ አያቴ ሊጥ ሲያቦኩ ካላየሁ ደግሞ ተጉዤም አላስተውለውም።

ከተመለስሁ ወዲህ አያቴ ቁሌት እንዳቁላላ ፈቅደውልኛል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፥ ውኃው እስኪመጥ ማማሰል፤ ከዚያ ዘይቱን፥ ቀጥሎ በርበሬውን። የበርበሬው ቀለምና መዓዛ የሚሟሟው በቅባት ነው፤ እንዳያርም ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ ይሰጡታል። «አትቸኩል ልጄ፤ ቁሌት ጥድፊያ አይወድም» ይሉኛል።

አባቴ ግን እስካሁን አልተስማሙም። «የተማረ ወንድ ልጅ ድስት ሊያማስል?» ይላሉ፤ ማትሪክ ካለፍሁ መሐንዲስ እንድሆን ይፈልጋሉ። እኔ የምግብ ሙያ ማጥናት እንደምፈልግ ነግሬአቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከጅማ ኮረሪማ ይዘው ሲመጡ ምንም ሳይናገሩ ለእኔ ሰጡኝ። አያቴም ዶሮውን 12 ብልት አድርጎ ማውጣትን ለፋሲካ እንደሚያስተምሩኝ ቃል ገብተዋል።