ከበላይህ አባት ይኑርህ

ልጄ፣ ጢምህ ከበቀለ ቆየ፤ ደመወዝም መቁጠር ጀምረሃል። ወንድነትን ግን ገና ከጓደኞችህ እየለቃቀምክ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ትዳር ከመያዝህ በፊት ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችኝን ልንገርህ።

1. የንስሐ አባት ያዝ። ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ማንም የማይጠይቀው ወንድ ቁጣውን ጀግንነት፣ ስካሩን ጨዋታ፣ ብኩንነቱን ቸርነት ይለዋል፤ የሚያርመው የለምና። በዓመት አንዴ ቤት መጥተው ጠበል ረጭተው የሚሄዱ ካህን ማለቴ አይደለም። የምትወድቅበትን ኃጢአት የሚያውቁ፣ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው የሚይዙህ አባት ማለቴ ነው። በደልህን በአንደበትህ ስትናገር ጉሮሮህ ይደርቃል፣ ላብ ያጠምቅሃል። ቢሆንም ተናገረው። ቀኖና ሲሰጡህ ስግደቱ ከበዛብህ እዚያው ንገራቸው እንጂ እሺ ብለህ ወጥተህ አትተወው። እውነቱን ሳይሸራርፍ መናገር የለመደ ወንድ ሚስቱንም አሠሪውንም መዋሸት ይከብደዋል።

2. ጸሎትህ አጭርም ቢሆን አይቋረጥ። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው። ሁሉን ካልቻልክ አንዱን ድገም፤ ስልክህን ከመክፈትህ በፊት ግን።

3. ጾምህን ወደ ቤትህ አስገባው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ሥጋና ወተት ትቶ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ወንድ አለ። ከሥራ ሲመለስ ልጆቹ የበሩን ድምፅ ሰምተው ጨዋታቸውን ያቆማሉ፤ ትንሿ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሚስቱ፣ እሷም ጾመኛ ሆና ሳለ፣ ሽሮው ቀጠነ እንዳይላት ማማሰያዋን እንደያዘች ፊቱን ታያለች። ይህ ሰው ሆዱን እንጂ ራሱን አልገዛም። ሆድህን «ቆይ» ማለት ከቻልክ ምላስህንና እጅህንም በላቸው። በሚስትህ ላይ እጅህን ካነሳህ ያስቀደስከው ቅዳሴ ሁሉ ይመሰክርብሃል።

4. ሥራህ ከወሬህ ይቅደም። አረጋዊው ዮሴፍ በወንጌል አንድ ቃል እንኳ ሲናገር አልተጻፈም። ሄሮድስ ሕፃኑን ሲፈልግ ግን በሌሊት ተነሥቶ እናቲቱንና ልጁን ወደ ግብፅ ያሸሸ እሱ ነው። አንተም ቤተሰብህን በሥራ ጠብቅ፤ ደመወዝህንም ከሚስትህ አትደብቅ።

5. ድፍረትን ከጩኸት ለይ። የጣልያን ሹማምንት አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ቢያስገድዷቸው አቡነ ጴጥሮስ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። እኒህ ጳጳስ በመታዘዝ የኖሩ መነኩሴ ነበሩ። መታዘዝ ወንድን ያሳንሳል የሚልህ ካለ እሳቸውን ጥቀስለት። አንተን የሚገጥምህ ፈተና ምናልባት ጥይት ሳይሆን የሐሰት ምስክርነት ወይም የማይገባህ ገንዘብ ይሆናል። እምቢ ማለቱ ያው ነው።

6. «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚሉህን አትስማ። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ሐዋርያው ጴጥሮስም ጌታውን ከካደ በኋላ ምርር ብሎ አልቅሷል። ኀዘኑን በመጠጥ ያፈነ ወንድ ግን ዞሮ ቤተሰቡን ያስለቅሳል። ወዳጅህ ሲሞትበት ለቅሶ ቤት ሂድ፤ ጎኑ ተቀመጥ፤ እንባህ ከመጣ አትከልክለው።