የፈረስ ሩጫን በቤቱ ለማየት ለሚሻ ሰው የሚሆን ምክር

በቦንጋ ከተማ ተቀምጠህ የሩቅ አገር የፈረስ ሩጫ ለማየት የምትወድ አንባቢ ሆይ፤ ፈረስን መውደድ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ገንዘብህን ከመክፈልህ አስቀድሞ ሦስት ነገር መርምር።

አንደኛ፤ ዋጋውን መርምር። በኢትዮሳት የሚተላለፉት የአገራችን ጣቢያዎች ወርኃዊ ክፍያ የለባቸውም፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያከብሩት በዓልም በአገራችን ጣቢያዎች ሲታይ ቆይቷል። ዲኤስቲቪ ግን በየወሩ ይከፈልበታል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ምስሉም ይቋረጣል። በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1875 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የኬንታኪ ደርቢ ሩጫ በሁለት ደቂቃ ያህል ያልቃል። እንግዲህ ለሁለት ደቂቃ ሩጫ የወር ገንዘብ የምትከፍል ከሆነ፣ የምትሻው ሩጫ በምትገዛው ፓኬጅ ውስጥ መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ።

ሁለተኛ፤ ስፍራውን መርምር። የኢትዮሳት ዲሽ ወደ ምሥራቅ፣ የናይልሳት ዲሽ ወደ ምዕራብ ይዞራልና አንድ ዲሽ ሁለቱን ባንድነት አይቀበልም። በፊቱም ረጅም ዛፍ አይቁም። የከፋ ዝናብ ሲበረታ ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ዲሹን የተከለውን ባለሙያ ለመውቀስ አትቸኩል።

ሦስተኛ፤ ልብህን መርምር። በብዙ አገር የፈረስ ሩጫና ውርርድ አይለያዩም። ዓይንህ በፈረሱ ውበት ደስ ይበላት እንጂ፣ እጅህ ለልጆችህ ደብተርና ልብስ ወደተቀመጠው ገንዘብ አትዘርጋ። ከትዳር ጓደኛህ ጋር ተማክረህ ወስን፤ የቤት ገንዘብ የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና።