ስለ ታላቁ ቍጥርና ስለ ትንሹ ትርፍ

ሰው ከአገሩ ርቆ፥ በጅዳ ከተማ ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር ተቀምጦ የጾሙን መግቢያ ለማወቅ ቢሻና የቀን መቍጠሪያ ባያገኝ፥ ባሕረ ሐሳብን የተማረ እንደ ሆነ አይቸገርም። የሚያስፈልገው አንድ ታላቅ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ዓመተ ዓለም ነው። በ2018 ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲጨመር 7518 ይሆናል።

ነገር ግን ምስጢሩ ያለው በቍጥሩ ታላቅነት ሳይሆን በትርፉ ነው። 7518 በ19 ሲገደፍ 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ገና ስላልተፈጸመው ዘመን 1 ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፥ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይወጣል። ዳግመኛ በ19 ተባዝቶ 228፥ በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ናቸው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ 11ና 19 ራሳቸው 30 ስለ ሆኑ፥ ወንበሩ ማናቸውም ቢሆን የሁለቱ ብዜት ድምር ያለ ትርፍ ለ30 ይካፈላል።

11 ከወዴት መጣ ቢባል፥ 12ቱ የጨረቃ ወራት 354 ቀን፥ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ስለ ሆነ ነው። በመካና በጅዳ የሚታወቀው የሂጅራ ዘመን በጨረቃ ብቻ ስለሚሄድ፥ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል። ባሕረ ሐሳብ ግን ያንኑ 11 እየሰበሰበ ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ያስታርቃል።

4ቱ የወንጌላውያን ዘመናት፥ 7ቱ ዕለታትና 19ኙ ዓውደ አበቅቴ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ532 ዓመት በኋላ ብቻ ነው፤ እርሱም ዓቢይ ቀመር ይባላል።

አሁን ጾሙን እንፈልግ። 7518ን ለ4 ቢያካፍሉት መጠነ ራብዒቱ 1879 ነው። ሁለቱ ተደምረው 9397፥ በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። ማክሰኞን 1 ብለው ሲቈጥሩ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም 18 ቀን፥ በእሑድ ይውላል። የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25 መባጃ ሐመር ይሆናል። እንግዲህ ነነዌ ጥር 25፥ ዓቢይ ጾም የካቲት 9፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ተማሪ ልብ ያድርግ። አንዱን መቀነስ የዘነጋ ሰው ወንበሩን 13፥ መጥቅዑን 7 ያደርጋል። ከ14 ስላነሰም ወደ ጥቅምት ይሄዳል። ጥቅምት 7 ዓርብ ነውና፥ ተውሳኩ 2 ሲጨመር ነነዌን የካቲት 9 ቀን ያገኛል። ሕዝቡ ዓቢይ ጾምን በያዘበት ቀን እርሱ ገና ነነዌን ይጀምራል፤ እውነተኛውን ነነዌም በልቶ አሳልፎታል። በአገሩ ያለ ሰው ቢሳሳት ደወሉ ይመልሰዋል። በባዕድ አገር ያለው ግን የሚመልሰው ስለሌለ፥ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ይመርምር፤ አበቅቴውና መጥቅዑ 30 መሆናቸውንም ያረጋግጥ። ይህም ቢሆን የማባዛቱን እንጂ የወንበሩን ስሕተት አይገልጥምና፥ ከሁሉ አስቀድሞ አንዱን መቀነሱን ያስብ።